ከካርቶን ውስጥ የወጣ ታሪክ፦ የጆሃንስበርጉ ማህደር ምን ይነግረናል?

ነገሩ የሆነው አምና ካቻምና ነው፣ ሩቅ አይደለም። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025 የአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ኒውዮርክ ስላለው የስቶንዎል ሐውልት የሚናገረውን የመንግሥት ድረ ገጽ ከፍቶ ቃላት መሰረዝ ጀመረ። «ትራንስጀንደር» የሚለው ቃል ወጣ። «ኤልጂቢቲኪው» የነበረው ምህፃረ ቃል ጭራው ተቆርጦ «ኤልጂቢ» ብቻ ሆነ። ስቶንዎል በ1969 ፖሊስ አንድ መጠጥ ቤት ወርሮ ሰዎች «በቃን» ብለው የተነሱበት ቦታ ነው። በዚያ አመፅ የነበሩ ትራንስ ሰዎች ከመንግሥት ገጽ ላይ በአንድ ቀን ጠፉ።

ሰው ተቃወመ፣ ሰልፍ ወጣ፣ ዜናው ሁላችንም ስልክ ላይ ዞረ። ግን አንድ ነገር ብዙ አልተወራም። ቃሉ የተሰረዘው ከመንግሥት ገጽ ብቻ ነው። ፎቶዎቹ፣ ደብዳቤዎቹ፣ የሰዎቹ የተቀዳ ድምፅ ግን አልጠፋም። ምክንያቱም ከመጀመሪያውም መንግሥት እጅ አልነበረም። ባለታሪኮቹ ራሳቸው፣ ጓደኞቻቸውና በጎ ፈቃደኞች በሰበሰቡት ማህደር ውስጥ ነበር።

የዛሬው ትንታኔ ስለዚህ ዓይነቱ ማህደር ነው። ኒውዮርክ ግን አንቆይም። የምንሄደው ወደ አህጉራችን፣ ጆሃንስበርግ ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ያለው ማን ነው?

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። መንግሥት ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ምን ዓይነት ሰነድ ያስቀምጣል? ድርጊቱ ወንጀል በሆነበት ዘመንና አገር መልሱ አጭር ነው፦ የፖሊስ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የሆስፒታል መዝገብ። ሰውዬው ሲታሰር ይመዘገባል፣ ሲፈረድበት ይመዘገባል፣ «ታሟል» ሲባል ይመዘገባል። ሲያፈቅር፣ ሲስቅ፣ ጓደኛውን ሲያስታምም ማንም አይመዘግበውም።

ደቡብ አፍሪካን እንውሰድ። በጃንዋሪ 1966 ፖሊስ ጆሃንስበርግ ፎረስት ታውን በሚባል ሰፈር አንድ የቤት ውስጥ ድግስ ወረረ። በቤቱ 300 ገደማ ሰዎች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ወንዶች። ከዚያ ወረራ በኋላ የአፓርታይድ መንግሥት ጉዳዩን በፓርላማ ኮሚቴ አስጠንቶ በ1969 ሕግ አሻሻለ። አዲሱ አንቀጽ ወንዶች «በድግስ ላይ» እርስ በርስ የፆታ ስሜት የሚቀሰቅስ ድርጊት እንዳይፈጽሙ ከለከለ። ድግስ ማለት ምን እንደሆነም ተረጎመ፦ ከሁለት ሰው በላይ ያለበት ማንኛውም አጋጣሚ። ሦስት ሰው ከሆንክ ድግስ ነው ማለት ነው።

የዚያ ሌሊት ታሪክ በመንግሥት ወረቀት ላይ «ወረራ»፣ «ማስረጃ»፣ «ተጠርጣሪ» ተብሎ ተቀምጧል። በዚያ ቤት የነበረ ሰው ግን ሌላ ታሪክ አለው፦ ማን ጋበዘው፣ ምን ዘፈን ይዘፈን ነበር፣ ፖሊስ ሲገባ በየት በኩል ሮጠ፣ በማግሥቱ ሥራ ቦታ ምን ብሎ ዋሸ። ይህኛው የሚገኘው ራሱ ሰውዬው ከተናገረና የሚያዳምጥ፣ የሚያስቀምጥ ካገኘ ብቻ ነው። የማኅበረሰብ ማህደር የሚባለው ነገር ከዚህ ክፍተት ነው የተወለደው።

ከእስር ቤት የወጡ ደብዳቤዎች

ሳይመን ንኮሊ በ1957 ሶዌቶ ተወለደ። ጥቁር ነው፣ የፀረ አፓርታይድ ታጋይ ነው፣ ጌይ ነው። በ1984 ከቤት ኪራይ ጭማሪ ተቃውሞ ጋር በተያያዘ ታሰረና የዴልማስ የአገር ክህደት ክስ በሚባለው መዝገብ ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር ተከሰሰ። ቅጣቱ እስከ ሞት ሊደርስ ይችል ነበር።

እስር ቤት ውስጥ ለጓዶቹ ማንነቱን ነገራቸው። ነገሩ ቀላል አልነበረም። አንዳንዶቹ «ክሳችንን ያበላሽብናል፣ ለብቻው ይከሰስ» አሉ። ረጅም ክርክር ተደረገ። መጨረሻ ላይ አብረው ለመቆም ወሰኑ። ንኮሊ በ1987 በዋስ ወጣ፣ በ1988 በነፃ ተሰናበተ። ከተከሳሾቹ መካከል እንደ ፖፖ ሞሌፌና ሞሲዋ ሌኮታ ያሉት በኋላ የአዲሲቱ ደቡብ አፍሪካ ትልልቅ ባለሥልጣናት ሆኑ። አብሯቸው የታሰረውን ሰው መብት ለመካድ ከባድ ነበር። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለል ሲከለክል ከጀርባው ብዙ ምክንያትና ብዙ ሰው ነበር፤ የዚያ እስር ቤት ክርክር ግን አንዱ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ይህን ሁሉ በዝርዝር እንዴት አወቅን? የፍርድ ቤቱ መዝገብ ስለ ሕዝባዊ አመፅ ነው የሚያወራው። ንኮሊ ግን ከእስር ቤት ለፍቅረኛው ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በሳንሱር ዓይን ሥር የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው፦ ናፍቆት አለባቸው፣ ኩርፊያ አለባቸው፣ የችሎት ውሎ አለባቸው። ተቀባዩ አላቃጠላቸውም። ዛሬ ደብዳቤዎቹ ጆሃንስበርግ ውስጥ ባለ ማህደር ይገኛሉ፣ በ2007ም በመጽሐፍ ታትመዋል።

ማህደሩ ጋላ ይባላል። በ1997 «የደቡብ አፍሪካ የጌይና ሌዝቢያን ማህደር» ተብሎ ተቋቋመ፣ መቀመጫውም ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጊዜውን እዩት። ሕገ መንግሥቱ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ኤድስ ደግሞ ትውልዱን እየቀጠፈ ነው። ንኮሊ ራሱ ኖቬምበር 30 ቀን 1998 በኤድስ ሞተ፣ ገና 41 ዓመት ሞልቶት ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰብ መጥቶ ዕቃ ያወጣል፣ «አሳፋሪ» የመሰለውን ወረቀት ይጥላል። ስለዚህ ማህደሩ ከቆሻሻ ገንዳ ጋር እሽቅድምድም ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ማህደርም ያዳላል

እዚህ ላይ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። ማህደር ንጹሕ መስታወት አይደለም። ወረቀት የሚተርፈው ወረቀት ለነበረው ሰው ነው። የጽሕፈት መኪና፣ ካሜራ፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ያለው ሰው ታሪኩ ይቀመጣል። አራት ሆኖ በአንድ ክፍል የሚያድር ሰው ደብዳቤውን የት ይደብቀዋል?

በ1980ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ትልቁ የጌዮች ማኅበር ጋሳ ነበር። አባላቱ በአብዛኛው ነጮች ሲሆኑ «እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም» ይል ነበር። ንኮሊ የዚሁ ማኅበር አባል ሆኖ ሲታሰር ማኅበሩ ከጎኑ አልቆመም። በዚህም ምክንያት በ1987 ከዓለም አቀፉ ማኅበር ተባረረ። ማኅበሩ ግን ጽሕፈት ቤት ነበረው፣ ጋዜጣ ነበረው፣ ቃለ ጉባኤ ነበረው። የእሱን ወረቀት ብቻ ሰብስበን ብናቆም የደቡብ አፍሪካ ጌዮች ታሪክ «የነጮች ክበብ ታሪክ» ሆኖ ይቀር ነበር። ከዚያም «ይህ ነገር ከነጭ የመጣ ነው» የሚለው ሰው «ይኸው ማስረጃው» ይል ነበር።

ጋላ ይህን ለመሙላት የሄደበት መንገድ ድምፅ መቅዳት ነው። ወደ ታውንሺፖች ሄዶ ሰዎችን አነጋገረ። ከዚያ ከወጡት ታሪኮች አንዱ የማቶኮ ቤት ነው። ማቶኮ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ባለው ክዋቴማ ታውንሺፕ የምትኖር እናት ነበረች። ቤቷ መጠጥ ይሸጥበታል፣ እኛ ጠላ ቤት እንደምንለው ዓይነት። ከቤተሰብ የተባረሩ፣ መንገድ ላይ የተደበደቡ ጌይና ሌዝቢያን ወጣቶች እሷ ዘንድ ይጠጉ ነበር። ንኮሊና ጓደኞቹ በ1988 ያቋቋሙት ግሎው የተባለ ድርጅትም በዚያ ቤት ስብሰባ ያደርግ ነበር። ማቶኮ ቃለ ጉባኤ አልያዘችም፣ ድርጅት አልመዘገበችም። በር ከፈተች፣ በቃ። ሰዎች ተጠይቀው ባይናገሩ ኖሮ ስሟን ዛሬ አናውቀውም። ጋላ በኋላ መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምር የማተሚያውን ስም በእሷ ሰየመው። በዚያ ስም በ2013 የወጣው የአፍሪካውያን አጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ላምዳ የተባለውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። ነገሩ የጀመረው ከጠላ ቤት ነው።

ሕግ አለ፣ ሰው ግን ይሞታል

ታዲያ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን አመጣ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ደቡብ አፍሪካ በወረቀት ደረጃ ብዙ ሄዳለች። በ1998 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርገውን ሕግ ሻረ። ኖቬምበር 30 ቀን 2006 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሕጋዊ ሆነ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። ቀኑ ንኮሊ ከሞተ ልክ በስምንተኛ ዓመቱ ነው።

ግን እዚያው ክዋቴማ፣ የማቶኮ ቤት ባለበት ታውንሺፕ፣ በኤፕሪል 2008 ዩዲ ሲመላኔ ተገደለች። ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የሴቶች ቡድን የተጫወተች፣ ሌዝቢያን መሆኗን ያልደበቀች እግር ኳስ ተጫዋች ነበረች። ተደፍራ፣ በስለት ተወግታ ተገደለች። ሕገ መንግሥቱ 12 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ስለዚህ ማህደር ነፍስ ያድናል ብሎ መፎከር ውሸት ነው። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። አንድ የክዋቴማ ልጅ ስለ ሰፈሩ ሲጠይቅ ሁለቱንም ያገኛል፦ ዩዲ የተገደለችበትን ሜዳና ማቶኮ የከፈተችውን በር። ግድያው ብቻ ከተመዘገበ ትምህርቱ «እዚህ ቦታ የለህም» ነው። በሩም ከተመዘገበ «ከአንተ በፊትም እዚህ የኖሩ ነበሩ፣ ያስጠጓቸውም የራስህ ሰፈር ሰዎች ናቸው» ይሆናል። በእኔ እይታ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

የፌስቡክ ግሩፕ ማህደር ሲሆን

«እኛ ዩኒቨርሲቲ የለንም፣ ሕንፃ የለንም» ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ ከአርጀንቲና። በ2012 የአርጀንቲና ትራንስ ሴቶች መሪ የነበረችው ክላውዲያ ፒያ ባውድራኮ ሞተች፤ የፆታ ማንነት ሕጉ በጸደቀበት በዚያው ዓመት፣ ሕጉን ግን ሳታየው። ጓደኛዋ ማሪያ ቤሌን ኮሬያ በስደትም በአገርም የተበታተኑትን የድሮ ጓደኞች ለማሰባሰብ ዝግ የፌስቡክ ግሩፕ ከፈተች። ሰዎቹ አሮጌ ፎቶ መለጠፍ ጀመሩ፦ የልደት ቀን፣ ካርኒቫል፣ ባሕር ዳርቻ፣ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ። ሥር ሥሩ «ይህቺ እገሌ ናት፣ በዚህ ዓመት ሞተች» ይባባላሉ። ያ ግሩፕ አድጎ የትራንስ ትዝታ ማህደር ሆነ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችና ሰነዶች አሉት፣ የሚሠሩበትም ትራንስ ሴቶች ራሳቸው ናቸው።

ቁም ነገሩ ፌስቡክ ላይ መቅረቱ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ቢቀር ኖሮ አካውንት ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋ ነበር። ዋናዎቹን ፎቶዎች ሰበሰቡ፣ ስካን አደረጉ፣ ማን ማን እንደሆነ ጻፉ፣ መጽሐፍ አሳተሙ። ስልካችሁ ውስጥ 8,000 ፎቶ ቢኖር ማህደር አይባልም። ስም፣ ቀን፣ ቦታና ሁለተኛ ቅጂ ከሌለው ስልኩ የወደቀ ቀን አብሮ ይወድቃል።

ማህደርና የስም ዝርዝር

አሁን ከባዱ ክፍል። ሰነድ መሰብሰብ አደጋ አለው። በ1919 በርሊን ውስጥ ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለ ሐኪም በፆታ ጉዳይ ላይ የሚያጠና ተቋም ከፍቶ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትና ፎቶዎችን ሰበሰበ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ ሜይ 6 ቀን 1933፣ ተማሪዎች ተቋሙን ዘረፉት። ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱ አደባባይ ላይ ተቃጠሉ። በ1977 መጨረሻ ላይ ደግሞ የካናዳ ፖሊስ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የጌዮች ጋዜጣ ቢሮ ገብቶ ሰነዶቹን በካርቶን ጭኖ ወሰደ። ማህደሩ ከዚያው ቢሮ ነበር የተነሳው። ስለዚህ «ሰብስቡ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጡ» የሚለው ምክር ብቻውን በቂ አይደለም።

ከሁሉም የሚያስፈራው የኡጋንዳው ነው። በ2010 አንድ የካምፓላ ጋዜጣ «ጌዮች ናቸው» ያላቸውን ሰዎች ስምና ፎቶ አወጣ፣ እንዲሰቀሉ ከሚጠይቅ መፈክር ጋር። ከእነዚያ አንዱ ዴቪድ ካቶ ነበር። ጋዜጣውን ፍርድ ቤት ከስሶ ረታ። ብዙም ሳይቆይ ጃንዋሪ 26 ቀን 2011 ቤቱ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ተገደለ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣውም ስምና ፎቶ ነበረው፣ ማህደርም ስምና ፎቶ አለው። የሚለያቸው ማን ፈቀደ የሚለው ነው። ጠንቃቃ ማህደሮች የሚሠሩት እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ ሰጪው በጽሑፍ ይፈቅዳል፣ ገደብም ያስቀምጣል። «እኔ ከሞትኩ በኋላ ይከፈት»፣ «ለተመራማሪ ብቻ»፣ «ስሜ ይቀየር» ማለት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ፎቶ ላይ ያለ ሌላ ሰውም ሰው ነው። እኔ ፈቀድኩ ማለት አጠገቤ የቆመው ፈቀደ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ማስቀመጥና ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ይህን የሚያምታታ ሰው ማህደር ሳይሆን ወጥመድ ነው የሚሠራው።

ኦክቶበር 13 ቀን 1990 ጆሃንስበርግ ውስጥ የመጀመሪያው የኩራት ሰልፍ ሲወጣ 800 ገደማ ሰው ነበር። ንኮሊና ቤቨርሊ ዲትሲ ፊት ለፊት፣ ፊታቸውን ገልጠው ተራመዱ። ሥራዬን አጣለሁ፣ ቤተሰቤ ያየኛል ብሎ ለፈራ ደግሞ የወረቀት ከረጢት ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለዓይን ቀዳዳ ያለው። ከረጢት ያጠለቁትም ከሰልፉ እኩል ናቸው። ማንም «ከረጢትህን አውልቅ» አላላቸውም። ጥሩ ማህደር እንደዚያ ሰልፍ ነው።

ለእኛስ?

ብዙ አንባቢዎቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ ያላችሁን አቋም አውቃለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል፣ የሃይማኖት ተቋማትም አቋማቸው ግልጽ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ክርክር በአንድ ቀን አይዘጋውም። ግን በ2023 ክረምት ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየተለጠፈ «ይህ ሰው እንደዚያ ነው፣ ያዙት» ሲባል ሁላችንም አይተናል። አንዳንዶቻችን ሼር አድርገናል። ያ የካምፓላው ጋዜጣ ሥራ ነው፣ ስልክ ላይ ስለሆነ ስሙ አይቀየርም። የሃይማኖት አቋም ያለው ሰውም ቢሆን ጎረቤቱን ለደብዳቢ አሳልፎ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ሌላም ነገር አለ፣ የራሴ። የአባቴ ታላቅ ወንድም በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ሌሊት ተወስዶ አልተመለሰም። በማግሥቱ አያቴ ወረቀቱን በሙሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ደብዳቤውን፣ ደብተሩን፣ ፎቶዎቹን፣ ምኑ ያስይዛል ምኑ አያስይዝም ሳትለይ። ሌሎች ልጆች ነበሯት፣ አልፈርድባትም። የተረፈችው ጉርድ ፎቶ አንዲት ናት። አጎቴ ማንን ይወድ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ለማን ይጽፍ እንደነበር ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ የለም። አያቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ምድጃ ታነሳ ነበር።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ግድግዳው ላይ ያሉት ጉርድ ፎቶዎች ከየቤቱ፣ ከየእናቱ ሣጥን የወጡ ናቸው። በዘመኑ መንግሥት ስለ እነዚያ ልጆች የጻፈው ሌላ ነበር። እናቶች ያስቀመጡት ሌላ ነበር። ዛሬ ልጆቹን የምናውቃቸው እናቶች ባስቀመጡት ነው።

የጆሃንስበርጉ ማህደርም ሥራው ይኸው ነው፣ ሰዎቹ ሌሎች ናቸው እንጂ። ሰውን ሊወስዱት ይችላሉ። ማን እንደነበረ የሚናገረው ግን የወሰደው ወገን መዝገብ ብቻ መሆን የለበትም። የንኮሊን ደብዳቤዎች የተቀበለው ሰው ፈርቶ ቢያቃጥላቸው ኖሮ ማንም አይፈርድበትም ነበር። አላቃጠላቸውም። ዛሬ አንዲት የሶዌቶ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብታ ካርቶኑን አስከፍታ በራሱ በሳይመን እጅ የተጻፈውን ማንበብ ትችላለች።